ብዙ የሄደች መኪና፦ ትጠገን ወይስ ትለወጥ?

ተጓዥ፦

ውድ አባላት፣ እጄ ላይ ያለችው መኪና የ2006 ሞዴል፣ ባለ 1.8 ሊትር የቤንዚን ሞተርና አውቶማቲክ ካምቢዮ ያላት ስትሆን ቆጣሪዋ 310,000 ኪሎ ሜትር አልፏል። እስካሁን ከተለመደው የዘይት፣ የጎማና የፍሬን ሸራ ቅያሪ በቀር ብዙም አላስቸገረችኝም ነበር፤ አሁን ግን ችግሮቿ ተደራርበው በአንድ ጊዜ መጥተዋል። በየ1,500 ኪሎ ሜትሩ አንድ ሊትር ያህል ዘይት ታጎድላለች። የራዲያተሩ ውኃ መሬት ላይ አንድም ጠብታ ሳይታይ ቀስ እያለ ይቀንሳል። ጠዋት ሳትሞቅ ከአንደኛ ወደ ሁለተኛ ማርሽ ስትሸጋገር ታመነታለች፤ የኋላ ሾክ አብዞርበሮቿም አልቀዋል።

መካኒኩ ሞተሩ ወርዶ መታደስ እንዳለበት ነግሮኛል። ከካምቢዮው ሥራና ከሾክ አብዞርበሮቹ ጋር ተደምሮ የጠየቀኝ ወጪ፣ እንደ እርሷ ያለች ጤነኛ መኪና ገበያ ላይ ከምታወጣው ዋጋ 70 በመቶ ያህሉ ነው። ጥገናው ከመኪናዋ ዋጋ ግማሹን ካለፈ መሸጥ ይሻላል የሚል ደንብ በየቦታው ሲነገር እሰማለሁ። ሌላው አማራጬ ያለችበትን ሁኔታ ሳልደብቅ ሸጬ፣ ጥቂት ብድር ጨምሬ፣ ከአምስት እስከ ሰባት ዓመት ያገለገለች ሌላ መኪና መግዛት ነው። የምነዳው በአብዛኛው ረጅም መንገድ ሲሆን መኪናዋ ለሥራዬ የግድ ታስፈልገኛለች። በዚህ ሁኔታ እናንተ ብትሆኑ ምን ታደርጉ ነበር?

ባለ መፍቻ፦

የተሰጠዎትን ግምት ከመቀበልዎ በፊት «ሞተሩ ይውረድ» የተባለው በምን ምርመራ እንደሆነ ቢጠይቁ መልካም ነው። በጽሑፍዎ ውስጥ የኮምፕሬሽን፣ ማለትም በየሲሊንደሩ ውስጥ የሚታመቀው አየር ግፊት፣ ልኬት አላየሁም፤ እርሱ ሳይለካ ሞተር ይውረድ ማለት በሰው ኪስ መገመት ነው።

ዘይት የሚጎድልበት ምክንያት ብዙ ነው። በቫልቮቹ አንገት ላይ ያሉት የዘይት ማገጃ ጎማዎች ሲደርቁ፣ መኪናዋ ቆማ ባደረችበት ሰዓት ዘይቱ ወደ ሲሊንደሩ እየተንጠባጠበ ይወርድና ጠዋት ስትነሣ ለጥቂት ሰከንዶች ሰማያዊ ጭስ ታወጣለች፤ ከዚያ በኋላ ጭሱ ይጠፋል። የፒስተን ሪንጎች (በፒስተኑ ዙሪያ ያሉት ማገጃ ቀለበቶች) ያለቁ እንደሆነ ግን ጭሱ የሚበረታው ነዳጅ ሲሰጣትና ዳገት ስትወጣ ነው። በሦስተኛ ደረጃ ሰው የሚረሳው አንድ ትንሽ ቫልቭ አለ፤ ሥራው በሞተሩ የታችኛው ክፍል የሚጠራቀመውን ጋዝ ወደ አየር ማስገቢያው መመለስ ነው። ይህ ቫልቭ በዝቃጭ ሲደፈን በውስጥ ያለው ግፊት ይጨምርና ዘይቱን በየስፌቱ ይገፋዋል፣ ወይም ተከፍቶ ሲቀር ሞተሩ ዘይቱን ከአየሩ ጋር ይስበዋል። ዋጋው ከዘይት ማጣሪያ ብዙም ስለማይርቅ በመጀመሪያ መታየት ያለበት እርሱ ነው።

የኮምፕሬሽን ልኬቱ ሲሠራ ሞተሩ የሞቀ፣ ካንዴላዎቹ በሙሉ የወጡ፣ የነዳጅ መርጫውና የእሳት መስመሩ የተቋረጠ፣ የነዳጁም ፔዳል እስከ መጨረሻው የተረገጠ መሆን አለበት። ጤነኛ የቤንዚን ሞተር ብዙውን ጊዜ ከ10 እስከ 13 ባር ድረስ ያሳያል፤ ሆኖም እኔ ከቁጥሩ ትልቅነት ይልቅ የማየው በሲሊንደሮቹ መካከል ያለውን ልዩነት ነው። ከፍተኛውና ዝቅተኛው ከ10 እስከ 15 በመቶ ውስጥ ከተቀራረቡ ሞተሩ ገና የሚሠራ ነው። አንዱ ወርዶ ከተገኘ በካንዴላው ቀዳዳ ጥቂት ዘይት ጠብ ተደርጎ እንደገና ይለካል። ግፊቱ በግልጽ ከጨመረ ክፍተቱ በሪንጎቹ በኩል ነው፤ ካልጨመረ ወይ ቫልቭ ወይ የቴስታታው (የሞተሩ የላይኛ ክፍል) ጓርኒሲዮን፣ ማለትም የመገጣጠሚያው ማሸጊያ፣ ነው ማለት ነው።

የውኃው ጉዳይ ከዘይቱ ይልቅ ያሳስበኛል፤ ምክንያቱም አንድ ጊዜ ክፉኛ የጋለ የአሉሚኒየም ቴስታታ ይጣመማል፣ ያን ጊዜ ሒሳቡ ሁሉ ይለወጣል። በራዲያተሩ ክዳን ቦታ የእጅ ፓምፕ ታስሮ ግፊት ሲሰጠው፣ መንገድ ላይ በሞተሩ ሙቀት ተንኖ የማይታየው ጠብታ ቆሞ ይታያል። የውኃ ፓምፑ ከሥሩ ትንሽ የማንጠባጠቢያ ቀዳዳ ስላለው በዙሪያው የደረቀ ነጭ ወይም ባለ ቀለም ዱካ ካለ ጥፋተኛው እርሱ ነው። ከፊት ባለው ተሳፋሪ እግር ሥር ያለው ምንጣፍ ከረጠበና መስተዋቱ ጣፋጭ በሚሸት እንፋሎት ከተሸፈነ፣ የሚያፈሰው በዳሽቦርዱ ውስጥ ያለው የማሞቂያው ራዲያተር ነው። የቃጠሎ ጋዝ ወደ ውኃው እየገባ እንደሆነ የሚያሳይ ሰማያዊ ፈሳሽም አለ፤ በውኃው ማስቀመጫ አፍ ላይ ተደርጎ ቀለሙ ወደ ቢጫ ከተለወጠ ጓርኒሲዮኑ ተበልቷል።

የካምቢዮው ዘይት ቀይ ሆኖ ጀምሮ በዕድሜ ብዛት ይጠቁራል፤ መጥቆሩ ብቻውን አያስፈራም። የተቃጠለ ከሸተተና በእጅ ሲታሽ የብረት ብናኝ ካለው ግን በውስጡ ያሉት የመያዣ ዲስኮች እየተበሉ ነው። የዘይቱ መጠንም ፋብሪካው ባዘዘው ሙቀት ላይ መታየት አለበት፤ ትንሽ መጉደሉ ብቻ እርስዎ የገለጹትን ማመንታት ሊያመጣ ይችላል።

ስለ 310,000 ኪሎ ሜትርም አንድ ነገር ልጨምር። ሞተር የሚያረጀው በሠራው ሰዓትና በተነሣበት ጊዜ ብዛት ነው። በከተማ መጨናነቅ በሰዓት በአማካይ 25 ኪሎ ሜትር እየሄደች 300,000 የሞላች መኪና 12,000 ሰዓት ሠርታለች፤ ያንኑ በረጅም መንገድ በ75 አማካይ ፍጥነት የጨረሰችው ግን 4,000 ሰዓት ብቻ ነው። የአሜሪካዊው የኢርቭ ጎርደን የ1966 ሞዴል ቮልቮ ፒ1800 በ2013 እንደ ጎርጎርዮስ አቆጣጠር 3 ሚሊዮን ማይል፣ ማለትም 4.8 ሚሊዮን ኪሎ ሜትር ገደማ የሞላው በአንድ ባለቤት እጅ፣ በረጅም መንገድና ሳይዘነጋ በተለወጠ ዘይት ነው። እንዲህ ያለው ታሪክ ለእኔና ለእርስዎ መለኪያ አይሆንም፤ ሆኖም የቆጣሪው ቁጥር ብቻውን ፍርድ እንዳይሰጥ ያሳስባል።

ሒሳብ ሹም፦

ወንድማችን ባለ መፍቻ ያሉት ትክክል ነው፤ እኔ ግን ግምቱ እውነት ነው ብለን ብንነሣ እንኳ የግማሽ ዋጋ ደንቡ ወደ ስሕተት እንደሚመራ ላሳይ። ደንቡ የጥገናን ወጪ ከመኪናዋ የገበያ ዋጋ ጋር ያነጻጽራል። ነገር ግን ተጓዥ የጥገናውን ገንዘብ ቢያስቀምጠው ሌላ መኪና በዚያ ገንዘብ አይገዛም፤ ስለዚህ ጥገናው መነጻጸር ያለበት ምትኳ ከምታስወጣው ጠቅላላ ወጪ ጋር ነው።

በምሳሌ ልየው፤ ቁጥሮቹ የእኔ ግምት ስለሆኑ እያንዳንዱ በራሱ ይተካቸው። የጤነኛዋ መኪና ዋጋ 100 ይሁን። አሁን ከነችግሯ ብትሸጥ 60 ታወጣለች እንበል፤ ተጠግና ሁለት ዓመት ካገለገለች በኋላ ደግሞ 75። ጥገናው 70፣ በሁለቱ ዓመታት የሚከተለው ልዩ ልዩ ጥገና 40 ይሁን። ካምቢዮው በእነዚህ ዓመታት የመበላሸት ዕድሉ ከአምስት አንድ፣ ወጪውም 80 ከሆነ፣ ለዚህ ስጋት 16 እንይዛለን። ድምሩ 126 ሲሆን ዛሬ ባለመሸጧ የተረፈውን 15 (75 ሲቀነስ 60) ስንቀንስ 111 ይቀራል።

በሌላው ወገን ደግሞ ምትኳ 450 ትገዛ። በሁለት ዓመት የምታጣው ዋጋ 90፣ የብድሩ ወለድ 50፣ የኢንሹራንሱ ጭማሪ 15፣ ለራሷ ጎማና ፍሬን እንዲሁም የቀድሞው ባለቤት ሳይሠራ ላቆየው ነገር 20 ብንይዝ 175 ይመጣል። የዋጋ መውረዱ በየወሩ የሚከፈል ደረሰኝ ስለሌለው ሰው ከሒሳብ ያስወጣዋል እንጂ ከሁሉ የሚበልጠው እርሱ ነው። እንግዲህ በዚያ «ከግማሽ በላይ» በሆነው ግምት እንኳ ማሳደሱ ይረክሳል። መልሱ የሚገለበጠው ወይ ትላልቅ ብልሽቶች ተከታትለው የሚመጡ ከሆነ፣ ወይም ደግሞ ምትኳ በጥሬ ገንዘብ ተገዝታ ዋጋዋ እምብዛም የማይወርድ ከሆነ ነው።

ባለፈው ዓመት ለጎማና ለፍሬን የወጣውን ገንዘብ እየቆጠሩ «ይህን ሁሉ አውጥቼባት እንዴት እሸጣታለሁ» ማለት ግን በዚህ ሒሳብ ውስጥ ቦታ የለውም። የወጣው ወጥቷል፤ የምንደምረው ከዛሬ ወዲያ የሚወጣውን ብቻ ነው።

ጸጥታ፦

ሒሳቡን በአክብሮት ተከታትያለሁ፤ ይሁን እንጂ በውስጡ የሌለ አንድ ወጪ አለ። ተጓዥ መኪናዋ ለሥራው የግድ እንደምታስፈልገው ጽፏል። መኪናዋ ጋራዥ ውስጥ በምትቆምበት ጊዜ ሁሉ የሚቀረው ሥራ፣ የሚከፈለው ትራንስፖርት፣ መለዋወጫ ፍለጋ የሚባክነው ሰዓት፣ ከዚህም ሁሉ በላይ ከቤት በወጣ ቁጥር «ዛሬስ ታደርሰኝ ይሆን» የሚለው ሐሳብ የት ተቆጠረ? እኔ መሸጡን እመርጣለሁ። «ከማያውቁት መልአክ የሚያውቁት ሰይጣን ይሻላል» የሚባለውን አውቃለሁ፤ ሰይጣኑ ግን በየወሩ ገንዘብ የሚጠይቅ ከሆነ መልአኩን መሞከር አይከፋም።

ሒሳብ ሹም፦

ያነሡት ወጪ እውነተኛ ስለሆነ መቆጠር ይገባዋል፤ መኪናዋ የምትቆምበትን ቀን በዋጋ ተምኖ መጨመር ነው። ነገር ግን በሁለቱም ወገን ይቆጠር። ያገለገለች መኪና ገዝተው የቀድሞውን ባለቤት ቸልተኝነት በመጀመሪያው ዓመት የሚከፍሉ ሰዎች ብዙ ናቸው። ቆጣሪው ወደ ኋላ ተመልሶ እንደሆነ የፔዳሉ ጎማ፣ የመሪው ቆዳና የሹፌሩ ወንበር ጠርዝ ይናገራሉ፤ ካምቢዮው ዘይት ተለውጦለት ያውቅ እንደሆነ ግን ምንም የሚናገር ነገር የለም። በተጨማሪም መኪና በድንገት መንገድ ላይ መቆሟና ቀጠሮ ተይዞላት ጋራዥ መግባቷ አንድ ዓይነት ኪሳራ አይደሉም። የውኃ ፓምፕ፣ ቺንጋ፣ ባትሪና ዲናሞ አስቀድመው ከታዩ የመንገድ ላይ መቆም በእጅጉ ይቀንሳል።

ከሥር ሲታይ፦

እስካሁን ሁሉም የተነጋገረው ስለ ሞተርና ካምቢዮ ነው። እነዚህ ሁለቱ ግን በገንዘብ የሚለወጡ ዕቃዎች ናቸው። የመኪናን ዕድሜ በእውነት የሚዘጋው አካሏን የተሸከመው ብረት መበላት ስለሆነ፣ ለሞተር አንዲት ሳንቲም ከመውጣቱ በፊት መኪናዋ ወደ ላይ ተሰቅላ ትታይ።

በላሜራው ላይ የሚታየው ዝገት መልኳን እንጂ ጥንካሬዋን አይነካም፤ በሩ ላይ የተበላ ጥግ ባለቤቱን ያሳፍር ይሆናል እንጂ ማንንም አይጥልም። መፈለግ ያለበት ከበሮቹ ሥር በርዝመት የሚያልፈው ሣጥን መሰል ብረት፣ የሾክ አብዞርበሮቹ የላይኛ መቀመጫ፣ ብራቾዎቹ (ጎማውን የሚይዙት ክንዶች) ከአካሏ ጋር የሚታሰሩበት ቦታ፣ የወንበርና የቀበቶ መያዣዎቹ ዙሪያ ነው። በመፍቻ እጀታ ወይም በሹል ነገር ጠንከር አድርገው ሲነኩት ጠንካራ ድምፅ የሚሰጥ ብረት ደህና ነው፤ የሚሰምጥ ወይም ቅርፊት እየሆነ የሚረግፍ ከሆነ ውስጡ አልቋል። በቅርብ ጊዜ በወፍራም ጥቁር ቀለም የተቀባ የሥር ክፍል ሲያጋጥመኝ እኔ እጠራጠራለሁ፣ በተለይም የምትሸጥ መኪና ከሆነች።

የፍሬን ዘይት የሚያልፍባቸው የብረት ቱቦዎችም በዚያው ይታዩ። ቱቦ መለወጥ ከባድ ሥራ ባይሆንም፣ ሳይታይ የተበላው ቱቦ የሚፈነዳው ፍሬኑ በኃይል በሚረገጥበት፣ ማለትም ከሁሉ ይልቅ በሚያስፈልግበት ቅጽበት ነው። የፍሬን ዘይቱ ራሱ ከአየር እርጥበት ስለሚስብ በየሁለት ዓመቱ ቢለወጥ ይመረጣል፤ ዶት 4 የተባለው ዓይነት አዲስ ሲሆን የመፍያ ነጥቡ ቢያንስ 230 ዲግሪ ሴልሺየስ ሲሆን እርጥበት ከሳበ በኋላ መለኪያው የሚጠይቀው ዝቅተኛ ነጥብ 155 ዲግሪ ብቻ ነው።

የኋላ ወንበር፦

ቤተሰብ የሚጭን ሰው ስለ ደኅንነትም ቢያስብ መልካም ነው፤ ምክንያቱም ጥገና የቱንም ያህል ቢሠራ መኪናዋን ወደ ተሠራችበት ዘመን ይመልሳታል እንጂ ከዚያ አያሳልፋትም። መንሸራተትን በኤሌክትሮኒክስ የሚቆጣጠረው ሥርዓት በአሜሪካ ከ2012 ሞዴል ጀምሮ፣ በአውሮፓ ኅብረት ደግሞ ከኅዳር 2014 እንደ ጎርጎርዮስ አቆጣጠር ወዲህ በሚሸጡ አዳዲስ መኪኖች ሁሉ ግዴታ ሆኗል። በ2006 ሞዴል ላይ ግን በብዙዎቹ እንደ ተጨማሪ ዕቃ የሚገዛ ነበር። ተጓዥ በረጅምና በፈጣን መንገድ የሚነዳ ከሆነ ይህ ትንሽ ነገር አይደለም።

መኪናዋን ለማቆየት ለሚወስን ሰውም አንድ ማሳሰቢያ አለኝ። በዚያ ዘመን በተሠሩ ብዙ መኪኖች ላይ የተገጠሙት፣ ታካታ በተባለው የጃፓን ኩባንያ የተሠሩ የኤርባግ ማፈንጃዎች በሙቀትና በእርጥበት ብዛት ውስጣቸው ያለው ንጥረ ነገር ስለሚበላሽ፣ ሲፈነዱ የብረት ስብርባሪ ሊወረውሩ እንደሚችሉ ተረጋግጦ በዓለም ዙሪያ በአሥር ሚሊዮኖች የሚቆጠሩ እንዲለወጡ በአምራቾቹ ተጠርተዋል። ባለ 17 ፊደልና አኃዝ የሆነውን የሻሲ ቁጥር በአምራቹ ድረ ገጽ አስገብቶ መጠየቅ ይቻላል፤ ተጠርታ ከሆነም አምራቹ ክፍያ ሳይጠይቅ ይለውጠዋል። ይህ ሳይታይ ስለ ሾክ አብዞርበር መነጋገር ቅደም ተከተሉን ያዛባል ብዬ አምናለሁ።

ተጓዥ፦

ለሁላችሁም ምስጋናዬ የላቀ ነው። መኪናዋን ወደ ሌላ ጋራዥ ወስጄ እናንተ የጠቆማችሁትን ምርመራ አስደርጌያለሁ። ኮምፕሬሽኑ በአራቱ ሲሊንደሮች በቅደም ተከተል 11.6፣ 11.4፣ 11.7 እና 10.9 ባር ሆኗል። ጠዋት ስትነሣ ሰማያዊ ጭስ ታወጣና ወዲያው ይጠፋል፤ ባለ መፍቻ የጠቀሱት ትንሽ ቫልቭም ሙሉ በሙሉ ተደፍኖ ተገኝቷል። የራዲያተሩን ውኃ የሚያፈሰው የውኃ ፓምፑ ሲሆን ሰማያዊው ፈሳሽ ቀለሙን አልለወጠም። የካምቢዮው ዘይት ጠቁሯል፣ ከልኩም ጎድሏል፤ ይሁን እንጂ የተቃጠለ አይሸትም፣ የብረት ብናኝም አልታየበትም። ከሥር ስትታይ ብረቷ ጠንካራ ነው፤ ከኋላ ያለው አንድ የፍሬን ቱቦ ግን ተበልቷል። ኤርባጉ በእርግጥ ተጠርቶ ስለነበር ቀጠሮ ይዣለሁ። መንሸራተትን የሚቆጣጠረው ሥርዓት የላትም።

አዲሱ የጥገና ግምት በሒሳብ ሹም መለኪያ 28 ነው። ምን ከምን ይቅደም?

ባለ መፍቻ፦

ከ11.7 እስከ 10.9 ያለው ልዩነት 7 በመቶ አይሞላም። ይህ ሞተር የሚወርድ አይደለም።

የፍሬን ቱቦውና ኤርባጉ ከሁሉ ይቅደሙ፤ እስኪሠሩ ድረስም ረጅም መንገድ ባይወጡባት ይመረጣል። ቀጥሎ የውኃ ፓምፑ ነው። በእርስዎ ሞተር ላይ ፓምፑ በታይሚንግ ቺንጋው (የቫልቮቹን መከፈትና መዘጋት ከፒስተኖቹ ጋር በሚያስማማው ቀበቶ) ሥር ያለ ከሆነ ቺንጋውን፣ መወጠሪያውንና ፓምፑን አንድ ላይ ያስለውጡ፤ የእጅ ዋጋው አንድ ነውና ቺንጋውን ትቶ ፓምፑን ብቻ መለወጥ ያንኑ ሥራ ሁለት ጊዜ መክፈል ይሆናል። ቺንጋው ተበጥሶ ፒስተኑ ከቫልቮቹ ጋር የሚጋጭበት ዓይነት ሞተር ከሆነ ደግሞ በአንድ ቅጽበት ቫልቮቹ ይጣመማሉ፤ ያን ጊዜ ሞተር ማውረዱ አይቀርም። በአብዛኞቹ ሞተሮች የቺንጋ ዕድሜ በ100,000 ኪሎ ሜትር አካባቢ ስለሆነ መቼ እንደተለወጠ ማስረጃ ከሌለዎት እንዳልተለወጠ ይቁጠሩት። ሞተርዎ ባለ ሰንሰለት ከሆነ ይህ አይመለከትዎትም፣ ጠዋት ሲነሣ የሚሰማ የሰንሰለት ድምፅ ከሌለ።

የተደፈነው ቫልቭ ተለውጦ ጥቂት ሺህ ኪሎ ሜትር ከተነዳ በኋላ የዘይቱ ፍጆታ እንደገና ይለካ። ምናልባት በግማሽ ይቀንስ ይሆናል፤ ያን ጊዜ የቫልቭ ጎማዎቹን ሥራ ማቆየት ይቻላል። ዘይት ከምትበላ መኪና ይልቅ ሞተር የሚገድለው ዘይቷን የማይመለከት ባለቤት ስለሆነ፣ ነዳጅ በቀዱ ቁጥር መለኪያውን አውጥተው ይዩ። በዘይቱ ውስጥ ያለው ፎስፈረስ ከጭሱ ጋር ወጥቶ የጭስ ማጣሪያውን ካታሊስት ቀስ በቀስ እንደሚመርዝ ግን ይወቁት፤ ፍጆታው ካልቀነሰ የቫልቭ ጎማዎቹን ሥራ ብዙ አያቆዩ።

የካምቢዮውን ዘይት በማሽን ግፊት ማጠብን አልመክርም፤ የተኛውን ዝቃጭ ቀስቅሶ ጠባቦቹን መተላለፊያዎች ሊዘጋ ይችላል። በታች ተከፍቶ የወረደው ያህል በአምራቹ የታዘዘው ዘይት ይሞላ፤ ከጥቂት ጊዜ በኋላ ይኸው ይደገም። ከልኩ የጎደለው የት እንደፈሰሰም ይፈለግ። ሾክ አብዞርበሮቹ በጥንድ ይለወጡ፣ አንዱን ብቻ ለውጦ መተው የኋላዋን ያዛባል።

ናፍጣ፦

ይቅርታ፣ በሰው ጥያቄ መካከል ገባሁ። የእኔ ናፍጣ ናት፤ ሞተሯ ቢላክ ቢመለስ አይደክምም፣ ነገር ግን የኋላ ብራቾው የሚታሰርበት ብረት ተበሥቶ ጣት ያስገባል። በያጆች ላሜራ ደርበው እንደሚበይዱልኝ ነግረውኛል። ሞተሯ እንዲህ ጤነኛ ሆኖ መተው አሳዘነኝ፤ ብየዳው ይበቃት ይሆን?

ከሥር ሲታይ፦

ጥያቄዎ በቦታው ነው። ብየዳ የሚይዘው ጤነኛ ብረት ሲያገኝ ነው። በተበላ ብረት ላይ የተደረበ ላሜራ ጠርዙ ላይ እንደገና ይቀደዳል፤ በመካከሉም የተዘጋው እርጥበት ውስጡን መብላቱን ይቀጥላል። የተበላው ክፍል ተቆርጦ ወጥቶ ጤነኛው እስከሚጀምርበት ድረስ በተመሳሳይ ውፍረት ያለው ብረት ቢተካ ሥራው ሥራ ይሆናል፤ እርሱ ግን ውድ ነው፣ የኋላ ብራቾ ሲያዝ ደግሞ መስመሩ ሳይጣመም መመለሱ መለካት አለበት። ቀዳዳው በአንድ ቦታ ከሆነ ይህን ያስጠይቁ። በሁለቱም ወገን ከሆነ፣ ሞተሩንና ካምቢዮውን ጤነኛ አካል ላላት ተመሳሳይ መኪና መሸጥ ከሙሉዋ መኪና የተሻለ ገንዘብ ሊያመጣልዎ ይችላል። ለማንም ብትሸጥ ስለ ቀዳዳው ተናግረው ይሽጡ፤ የገዛው ሰው ልጆቹን ይጭንባታል።

ጸጥታ፦

በውጤቱ ሐሳቤን በከፊል ለውጫለሁ፤ 70 የነበረው 28 ከሆነ እኔም አልሸጣትም። ነገር ግን ተጓዥ ከአሁኑ ገደብ ያብጅ። ገደብ ያልተቀመጠለት ጥገና «ይህቺን ብቻ» እየተባለ ዓመት ይሞላል።

ተጓዥ፦

ገደቡን እንዲህ አስቀምጫለሁ። የሒሳብ ሹምን አቆጣጠር በራሴ ቁጥሮች ስሞላው፣ ጥገናው 28፣ ተከታዩ 40፣ የካምቢዮው ስጋት 16 ሆኖ፣ ባለመሸጧ የሚተርፈው 15 ሲቀነስ 69 ይመጣል። ስለዚህ አስጠግኜ አቆያታለሁ። ካምቢዮው መንሸራተት ከጀመረ፣ ወይም ከአካሏ ተሸካሚ ብረት አንዱ ከተበላ፣ አልያም በአንድ ዓመት ውስጥ ያልታሰበ ጥገና ከ50 ካለፈ ሳልከራከር እሸጣታለሁ። ለብድር ልከፍል የነበረውን ወርኃዊ ገንዘብ ከአሁን ጀምሮ ለብቻው ስለማስቀምጥ፣ በሚቀጥለው ጊዜ የምገዛው ብድሩ አንሶ፣ የኋላ ወንበር ያነሡትም የመንሸራተት መቆጣጠሪያ ያላት መኪና ይሆናል።

አንድ ጥያቄ ብቻ ቀርቶኛል። የዘይቱን ፍጆታ ለመቀነስ አሁን ከምጠቀምበት 5ደብልዩ30 ወፈር ወዳለው 10ደብልዩ40 ብለውጥ፣ ወይም «ዘይት መብላት ያቆማል» የሚባለውን በጠርሙስ የሚሸጥ መጨመሪያ ብሞክር ጉዳት አለው?

ባለ መፍቻ፦

የመኪናዋን መመሪያ መጽሐፍ ይክፈቱና የዘይት ውፍረት ከአየሩ ሙቀት ጋር የተዘረዘረበትን ሠንጠረዥ ይዩ። 10ደብልዩ40 በውስጡ ካለና በጣም ቀዝቃዛ በሆነ አየር የማይነዱ ከሆነ ሊለውጡት ይችላሉ፤ ፍጆታውን ጥቂት ይቀንሰዋል። በሠንጠረዡ ከሌለ ይተዉት፤ በተለይ የቫልቮቹን ጊዜ በዘይት ግፊት የሚቆጣጠር ሥርዓት ያላት ከሆነች ወፍራሙ ዘይት በወቅቱ ስለማይደርስ የሞተር መብራት ሊያበራ ይችላል። በጠርሙስ ስለሚሸጠው መጨመሪያ፣ አንዳንዱ የደረቀን ጎማ ለጊዜው ያለሰልሳል፣ ያለቀን ሪንግ ግን አንዱም አይመልስም። የራዲያተር ቀዳዳ ይደፍናል የሚባለውን ደግሞ በፍጹም አይጨምሩ፤ የማሞቂያውን ራዲያተር ቀጫጭን ቱቦዎች አብሮ ይደፍናል፣ እርሱን ለመለወጥ ደግሞ በብዙ መኪኖች ላይ ዳሽቦርዱ በሙሉ መፈታት አለበት።